ኮምፒውተራችሁ ሲከፈት እየቆየ ካስቸገራችሁ ከፎርማት በፊት እነዚህን ሞክሩ

እዚህ ባህር ዳር ኮምፒውተር ቆየብኝ ስትሉ መጀመሪያ የምትሰሙት ምክር "ፎርማት አስደርገው" ነው፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለው ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ነው፣ እኔ ግን ፎርማት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው እላለሁ፣ ስንት የሰርግ ፎቶና ስንት የመመረቂያ ጽሁፍ በዚህ ጠፍቷል፣ ችግሩ የሃርድ ዲስኩ ከሆነ ደግሞ ፎርማት ተደርጎም ትንሽ ቆይቶ እዛው ነው።

በመጀመሪያ የሚቆየው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። ፓወር ተጭናችሁ የዊንዶውስ ምልክት እስኪመጣ ነው ወይስ ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ? መፍትሄያቸው ለየቅል ነው።

ዊንዶውስ ሳይመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ ከቆመ የተሰካውን ፍላሽና ኤክስተርናል ሁሉ ነቅላችሁ ሞክሩ፣ አንዳንዱ ኮምፒውተር መጀመሪያ እነሱን ነው የሚፈትሸው፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብታችሁ ቡት የሚለው ጋ ዊንዶውሱ ያለበትን ዲስክ አንደኛ አድርጉት። የድሮ ዴስክቶፕ ሆኖ በተከፈተ ቁጥር ኤፍ ዋን ተጫኑ የሚል ከሆነና ቀኑና ሰዓቱም የሚጠፋ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ናት፣ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ቀይሯትና ሰዓቱን አስተካክሉ፣ በቃ።

ፓስወርድ ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ የሚንቀራፈፈው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይመጣል፣ ስታርትአፕ የሚለውን ክፈቱ። እዛ ያለው ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ነው፣ ቴሌግራም፣ ቲምስ፣ ስፖቲፋይ፣ ቶረንት ማውረጃ ምናምን፣ እነዚህን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲሴብል በሏቸው፣ ፕሮግራሙ አይጠፋም እኮ፣ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ፓወር ግዕዝን በየቀኑ አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ተዉት፣ የድምጽ፣ የግራፊክስና የታችፓድ የሆኑትንም አትንኩ፣ ምን እንደሆነ የማታውቁት ነገር ካለ መጀመሪያ ስሙን ጎግል አድርጉ።

አንቲቫይረስ ላይ ደግሞ አደራ። ፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አካባቢ ፕሪንት ለማድረግ በወጣ ፍላሽ ቫይረስ ይመጣል ብለን ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ እንጭናለን፣ ሁሉም ሲከፈት እኩል ዲስኩን መፈተሽ ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ መላወሻ ያጣል፣ አንድ ይበቃል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዲፌንደር አብሮ ይመጣል፣ አፕዴት እያደረጋችሁት እሱ ለቤት ኮምፒውተር በቂ ነው ባይ ነኝ።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ጋ ፋስት ስታርትአፕ የሚል አለ፣ ሃርድ ዲስክ ላለው በደንብ ያግዛል፣ ግን እሱ በርቶ ሻት ዳውን ስታደርጉ ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ የሆነ ነገር ከተበላሸባችሁ ሪስታርት አድርጉ።

ክረምት ላይ ጣና በኩል ነጎድጓድ ሲጀምር መብራቱ ቦግ እልም ይላል አይደል፣ ዴስክቶፕ በዛ መሃል በተደጋጋሚ ከጠፋ ቀጥሎ ሲከፈት ዲስኩን ልፈትሽ ሊል ይችላል፣ ተዉት ይጨርስ፣ መሃል ላይ እንዳታጠፉት። ከቻላችሁ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለትንሽ ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ግዙለት። መብራት ሳይጠፋም ፍተሻው የሚደጋገም ከሆነ ግን ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልተለወጠ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን አይታችሁ ዲስኩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ከሆነ ብራችሁን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ አውጡት፣ ራም (ሜሞሪ) ከመጨመርም በፊት። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህን ላይ ስለሚያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ሳታ የሚባለው ተራው ኤስኤስዲ እስከ 500 ይደርሳል፣ ትልቁ ልዩነት ግን ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው የተበታተነ ጥቃቅን ፋይል ስለሆነ ሃርድ ዲስኩ እዚህም እዚያም ሲፈልግ ነው ጊዜው የሚሄደው፣ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አብዛኛው የድሮ ላፕቶፕ 2.5 ኢንች የሆነውን ይቀበላል። ሠሪው ጋ ስትወስዱት "ክሎን አድርግልኝ" በሉት፣ ዊንዶውሱም ፋይሉም እንዳለ ይተላለፋል። አሮጌውን ዲስክ ደግሞ ሁሉም ነገር መተላለፉን ራሳችሁ ከፍታችሁ ሳታዩ እንዳታስጠፉት፣ ከዛ በኋላ ደህና ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ኬዝ ገዝታችሁ ለባክአፕ ትጠቀሙበታላችሁ።