የጃንሆይን ንግግሮች ከወጣቶች ጋር እንዴት እናንብብ

በየስልኩ የሚዞረው የጃንሆይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጥቅስ አብዛኛውን ጊዜ ቀን የለውም። የት እንደተነገረ፣ ማን እንደሰማው አይታወቅም። ከአንበሳ ፎቶግራፍ በታች ተጽፎ ይመጣል፤ አንዱ ሊሳለመው ይቃጣዋል፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ግን በሁለቱም ወገን የለም። እኔ ደሴ ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ አነባለሁ። ይህን የምጽፈው እንዲሁ ማድረግ ለምትፈልጉ ነው።

ከሁሉ በፊት ቀን፣ ቦታና አድማጭ የሌለው ጥቅስ ወደ ክፍሉ አይግባ። ልጁ «ጃንሆይ እንዲህ ብለዋል» ሲላችሁ «መቼ? ለማን?» በሉት፤ ካላወቀ ፈልጎ ይምጣ። የዘመን አቆጣጠሩንም ሰሌዳ ላይ በሁለቱም ጻፉ። ሜይ 1963 በእኛ ግንቦት 1955 ነው፤ የዚያው ዓመት ኦክቶበር መጀመሪያ ግን መስከረም 1956 ይሆናል። ይህን ያልለየ ልጅ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታንና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተደረገውን የኒውዮርኩን ንግግር አዘበራርቆ ይቀራል።

በጄኔቫ ጀምሩ፣ ጊዜም አትንፈጉት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት በነበረው በመንግሥታት ማኅበር መድረክ ላይ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩት፤ የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ «አረመኔዎቹን አስወጡ» ብሎ ጮኸ። ጃንሆይ ዝም ብለው ጠበቁ። ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ለምን ይመስላችኋል ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ፤ መልሱን ግን አትስጧቸው።

ከዚያ ጣሊያን ስለረጨው መርዝ ጭስ የሚናገረውን ክፍል ድምፁ ጥርት ያለ ልጅ ቆሞ ያንብበው። ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት አውሮፕላን እየተከታተለ ሲረጨው ጭሱ አንድ ወጥ ሆኖ እንደሚዘረጋ፣ በወታደሩ ብቻ ሳይሆን በሴቱ፣ በሕፃኑ፣ በከብቱ፣ በወንዙና በግጦሹ ላይ እንደወረደ ይናገራል። የቁጥሩ አደራደር ሆን ተብሎ ነው፤ አንባቢው በየቁጥሩ ትንፋሽ ይውሰድ እንጂ አይሩጥ። የዘመኑ ዓረፍተ ነገር ረጅም ስለሆነ በድርብ ሰረዙ ላይ ማረፍን አስቀድማችሁ አለማምዱት። «እኛ» ሲሉ ራሳቸውን ማለታቸው እንደሆነም ንገሩት፤ አለዚያ ግማሹ ክፍል ሕዝቡን ይመስለዋል።

ንግግሩ የሚያልቀው ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አቁሙና ወረቀት አድሉ። ንግግሩ ቃል ገብተውልን ነበር የሚላቸው መንግሥታት 52 ናቸው፤ እያንዳንዱ ልጅ የአንዱ መልእክተኛ ሆኖ መልሱን በግማሽ ገጽ ይጻፍ። እንግሊዝንና ፈረንሳይን ብዙ ለሚናገሩት ስጧቸው፤ ዝም ያሰኛቸዋል። በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ወር ሳይሞላ መነሣቱን የምትነግሯቸው ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ስለ አመራርና ስለ እምነት ለየብቻ ስብሰባ አትጥሩ። ሁለቱም በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንግግር ውስጥ አሉ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት ከተማው ገብተው ሕዝቡን ክፉን በክፉ አትመልሱ አሉት። ከመነበቡ በፊት የካቲት 12 ቀን 1929ን አስታውሱ፦ ከአድማጮቹ ስንቱ ወንድሙን፣ ስንቷ ልጇን በግራዚያኒ ጭፍጨፋ አጥታለች? ይህን ያላሰበ ልጅ ምክሩን ቀላል ያደርገዋል። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ዳዊት የደገመ ልጅ ወዲያው ያውቀዋል፤ ሌሎቹ መዝሙር 67ን፣ በሌላው አቆጣጠር 68ን ያውጡ።

የኒውዮርኩን ብዙዎቹ በሬጌ ዘፈን ያውቁታል፤ ስለዚህ ሙሉውን አስነብቧቸው። የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የማይበልጥበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ሰላም አይኖርም የሚለውን እየዘመሩ መጥተው ንግግሩ ስለ ጦር መሣሪያ ቅነሳም ብዙ እንደሚል ሲያዩ ይገረማሉ። ከጎኑ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አራተኛ አንቀጽ አኑሩ፦ የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ይላል። ክርክሩን አትምሩት፣ ብቻ አታቋርጡት።

ስለ ትምህርት የተናገሩት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከቃላቸው ይልቅ ሥራቸውን አስቀድማለሁ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከፈተ። በ1954 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸው ለዩኒቨርሲቲው ሆነ። በ1957 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ሦስቱን ዓመቶች ጎን ለጎን ጽፋችሁ ልጆቹን ተዉአቸው።

ደሴ ላይ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ የ1965ቱን ረኃብ ማንም ሳያነሣባችሁ እናንተው በመርሐ ግብሩ አስገቡት። «ስማቸውን ለማጥፋት ነው» የሚል አይጠፋም፤ ወሎ ላይ ተቀምጦ ይህን መዝለል ግን ነውር ነው። በዚያ ዘመን አዋቂ የነበሩ አንድ እናት ወይም አባት ጋብዙ። ንግግር አያድርጉ፣ ልጆቹ ይጠይቋቸው፤ ዘመድ የቀበሩ ከሆነ ግን ጥያቄው ይቆይና እንደወደዱ ያውሩ። ለዚያ ቅዳሜ ሌላ ንባብ አትደልድሉ፤ የአዳራሹን ቁልፍ የያዘውንም ሰው እንደሚመሽ ቀድማችሁ ንገሩት።