የአንድ እጅ ኪቦርድ ስትለማመዱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የኮርድ ኪቦርድ የሚባለው ሁለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ አንድ ፊደል የምታወጡበት ነው። አንድ እጅ ይበቃዋል። አንድ እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪ ሰው ገና በሳምንቱ «አይሆንልኝም» ብሎ ሲተወው ያንገበግበኛል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እጁ ላይ ሳይሆን አጀማመሩ ላይ ነው።

አንደኛው ስህተት ቁልፎቹን ተራ በተራ ነክቶ መልቀቅ ነው። በብዙዎቹ ኪቦርዶች ፊደሉ የሚወጣው ስትጫኑ ሳይሆን ስትለቁ ነው። ስለዚህ ሌባ ጣታችሁ ትንሽ ቢቀድም ችግር የለውም፤ ትንሿ ጣት ሳትደርስ እሱ ከለቀቀ ግን ያላሰባችሁት ፊደል ይወጣል። ጉርሻ ስትጠቀልሉ ጣቶቻችሁ አብረው ይሰበሰቡ የለ? እንደዚያ ነው። ሁሉም ይረፉ፣ ከዚያ አንድ ላይ ይነሱ።

ሁለተኛው በተለይ እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ይመለከታል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን አጫጫን ለመሸምደድ መሞከር። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ተመራማሪ ዳግላስ ኤንግልባርት በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በግራ እጁ የሚጽፍበት ባለ አምስት ቁልፍ ኮርድ ነበረው። ከአምስት ቁልፍ የሚወጣው ጥምረት 31 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7፣ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። አይገባም! መፍትሔው በላቲን ድምፅ የሚያስጽፍ የአማርኛ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ መምታት ነው። «ሰላም» ለማለት ኤስና ኢ (s፣ e) መታችሁ ሰ፣ ኤልና ኤ (l፣ a) መታችሁ ላ፣ መጨረሻ ላይ ኤም (m) ብቻዋን ም ትሆናለች። አምስት ምት፣ አለቀ። አናባቢዎቹን ቀድማችሁ ከለመዳችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

የፊደል ሰንጠረዡን ሁልጊዜ አጠገብ አስቀምጦ ማየትም ይጎዳል። ዓይን ካገዘው ጣት አይማርም።

ደብረ ብርሃን ወይም አንኮበር ያላችሁ ደግሞ፣ የጠዋቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በደነዘዘ ጣት አትጀምሩ። የቀለበት ጣት በሙቀትም ቢሆን ብቻዋን መንቀሳቀስ የምትቸገር ናት፤ በብርድ ጭራሽ እምቢ ትላለች። የሻይ ብርጭቆውን ትንሽ ያዝ አድርጉና ጀምሩ፣ የቀለበትና የትንሿን ጣት ጥምረትም ለኋላ አቆዩት።

ትርጉም የሌለው የፊደል ድርድር እየመቱ ፍጥነት መቁጠርም ይቅር። ለእናታችሁ መልእክት ጻፉ፣ የገበያ ዝርዝር ጻፉ። ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

በእጅ የሚያዝ ዓይነት ከሆነ፣ ማሰሪያው በደንብ ካልተስተካከለ ጣቶቹ ኪቦርዱን በመያዝ ደክመው ለመጫን አቅም ያጣሉ። የእጅ አንጓ ካመመ ደግሞ የዚያን ቀን በቃ፤ የሚሠራ እጁ አንድ ለሆነ ሰው ያቺው እጅ ናት ልብስ የምታለብሰው፣ ምግብ የምታበላው።