የቀጠሮ ወረፋን ከሥሩ ማሳጠር፤ ለአካባቢ ክሊኒክ ኃላፊዎችና ሠራተኞች

ጠቅላላ ሐኪም የሚሠራበት የአካባቢ ክሊኒክ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር ነው። በሩ ሲጠብ ቀላል የነበረው ሕመም እስኪጠና ይቆያል፤ የጠናውም ዞሮ ዞሮ የሆስፒታሎችን ድንገተኛ ክፍል ያጨናንቃል። አገልግሎቱን ለማሻሻል የሚነሡ ኃላፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ተጨማሪ ሐኪም እንዲቀጠር በመጠየቅ ወይም አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት በመግዛት ነው። ሁለቱም የሚያስፈልጉበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የሥራው አካሄድ ሳይስተካከል የገባ ቴክኖሎጂ መስኮት ላይ የነበረውን ወረፋ ወደ ስልክ ከማዛወር ያለፈ ውጤት አያመጣም። ከዚህ በታች የቀረበው ቅደም ተከተል ቆጠራን በመጀመሪያ፣ ቴክኖሎጂን ደግሞ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይታከም የተመለሰውንም መቁጠር

አብዛኛው ክሊኒክ በቀን ስንት ሰው እንዳከመ ያውቃል፤ ስንት ሰው ለመታከም እንደፈለገ ግን አያውቅም። ስልክ ደውሎ መስመሩ ስለተያዘበት የተወው፣ ወይም መስኮቱ ጋ ደርሶ «ለዛሬ ሞልቷል፤ ነገ በጠዋት ይምጡ» የተባለው ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። አንድ ሕመምተኛ ለሦስት ቀን ተመላልሶ በአራተኛው ቀን ቢታከም በመዝገብ የሚታየው አንድ ሕክምና ሲሆን፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ግን አራት ጊዜ አስተናግዶታል። ሠራተኞች «ሥራ በዛብን» ሲሉ ኃላፊው «የታካሚው ቁጥር እኮ አልጨመረም» ብሎ የሚከራከረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቆጠራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ወረቀት በአምስት ዓምድ ተከፍሎ በካርድ ክፍሉ መስኮትና በስልኩ አጠገብ ይቀመጥ፤ በዓምዶቹ አናት ላይም «ዛሬውኑ መታየት ያለበት»፣ «በቀጠሮ የሚታይ»፣ «መድኃኒት ማስደገም»፣ «ውጤት ወይም ማስረጃ» እና «ወደ ሌላ ቦታ መሄድ የነበረበት» ተብሎ ይጻፍ። ሠራተኛው ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር በተገቢው ዓምድ አንድ ጭረት ያሰፍራል፤ አምስተኛው ጭረት በአራቱ ላይ ተጋድሞ ከተሰመረ ማታ ለመደመር ይቀላል። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ጭረቱ የሚሰፍረው ሰውየው በጠየቀበት ቀን እንጂ በተቀጠረለት ቀን አለመሆኑ ነው። በተቀጠረለት ቀን ከሰፈረ የተቆጠረው ክሊኒኩ የሰጠው ቦታ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ቀድሞውኑም የታወቀ ነው። ለአራት ሳምንት መቁጠር ጥሩ ሥዕል ይሰጣል፤ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ቆጠራ ግን ለውሳኔ አያስተማምንም።

ወረቀቶቹ ሲደመሩ ሁለት ነገሮች ጎልተው መውጣታቸው የተለመደ ነው። አንደኛው ከእረፍት ቀናት ቀጥሎ ያለው የሥራ ቀን ከሌሎቹ ይልቅ የከበደ መሆኑ ነው፤ የሚያስገርመው ግን የሠራተኛ ስብሰባ የሚያዘው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ስብሰባውን ወደ ሳምንቱ አጋማሽ ማዛወር ምንም ወጪ የማይጠይቅ የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው። ሁለተኛው ከቀረቡት ጥያቄዎች ቀላል የማይባሉት ሐኪም ፊት መቀመጥን የማይጠይቁ መሆናቸው ነው፦ ለዓመታት ሲወሰድ የኖረ የደም ግፊት መድኃኒት ማስደገም፣ የላቦራቶሪ ውጤት መጠየቅ፣ ቁስል ማስጠረግ።

የተከማቸ ወረፋ ዕዳ ነው

የሦስት ሳምንት ወረፋ ያለበት ክሊኒክ አቅሙ ከፍላጎቱ እንዳነሰ ያምናል። ይሁን እንጂ ወረፋው ዓምናም ሦስት ሳምንት፣ ዘንድሮም ሦስት ሳምንት ከሆነ በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ነው ማለት ነው። አቅሙ በእርግጥ ቢያንስ ኖሮ ወረፋው ከወር ወደ ወር እየረዘመ በሄደ ነበር። በእርግጥ ሰው ተስፋ ቆርጦ መቅረቱም ወረፋውን ባለበት ሊያቆመው ይችላል፤ የሁለቱን ልዩነት የሚለየው ከላይ የተጠቀሰው የጭረት ወረቀት ነው። ጥያቄውና አቅሙ ተቀራርበው ከተገኙ ግን ወረፋው አንድ ጊዜ የተገባበትና ሳይከፈል የኖረ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ አንዴ ከተከፈለ በራሱ አይመለስም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ክሊኒኩ በቀን 80 ሰው የሚያይ ቢሆንና ወረፋው 15 የሥራ ቀን ቢሆን፣ የተከማቸው ዕዳ 1,200 ቀጠሮ ነው። በቀን 20 ተጨማሪ ሰው ማየት የሚያስችል ጊዜያዊ መላ ከተገኘ ዕዳው በ60 የሥራ ቀናት፣ ማለትም በ12 ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ ወደ ቀድሞው 80 ቢመለስም ሰው የሚጠብቀው ቀን እንጂ ሳምንት አይሆንም። ጊዜያዊው አቅም ከትርፍ ሰዓት፣ ከተራዘመ ምሽት፣ ወይም ሐኪም የማያስፈልጋቸውን ጉዳዮች ለሌላ ባለሙያ ከማስተላለፍ ሊገኝ ይችላል። በአሜሪካ በሰሜን ካሊፎርኒያ ካይዘር ፐርማነንቴ በተባለው የጤና ድርጅት ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ ማርክ መሪና ባልደረባቸው ካትሪን ታንታው በዚህ መንገድ 55 ቀን የነበረውን የመደበኛ ቀጠሮ ጥበቃ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ወደ 1 ቀን ማውረዳቸውን እ.ኤ.አ. በ2000 ጽፈዋል።

ማስጠንቀቂያው ይህ ነው፤ ዕዳው ከመከፈሉ በፊት «ከነገ ጀምሮ ሁሉም በዕለቱ ይታያል» ብሎ ማወጅ ቀድሞ የተቀጠሩትንና ዛሬ የመጡትን በአንድ በር ላይ ማጋጨት ነው። ጉንፋንና ሳል በሚበዛበት ወቅት ዋዜማ ላይ መጀመርም እንዲሁ አይመከርም።

ጥያቄው በአንድ መንገድ ይለይ

በእንግሊዝ አገር ክሊኒኮች ስልክ ማንሣት በሚጀምሩበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚደውል የዕለቱ ቀጠሮ ወዲያው የሚያልቅበት ሁኔታ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ኖሯል። የአገሪቱ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዕቅድ ይህንን የጠዋት ግፊያ ለማስቀረት፣ ክሊኒኮች ወደ ዲጂታል የስልክ ሥርዓት እንዲዛወሩና ታካሚው «ሌላ ቀን ይደውሉ» ከመባል ይልቅ ባመለከተበት ዕለት ጉዳዩ እንዴት እንደሚስተናገድ እንዲነገረው ወስኗል። ስልኩ ዘመናዊ መሆኑ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ትልቁ ነገር ጥያቄን መቀበልና ቀጠሮ መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው መታወቁ ነው። ቀጠሮ ቢያልቅም ጥያቄ መቀበል አይቋረጥም።

በመስኮት የመጣ፣ የደወለና በድረ ገጽ የጻፈ ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ በአንድ መመዘኛ ሊለይ ይገባል። ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን የባሰበት ቀድሞ የሚታየው ያኔ ነው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ምክንያት ስትጠይቅ አንዳንዱ «አንቺ ሐኪም ነሽ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል፤ ቁጣውን የሚያበርደው አጠያየቁ ነው። «ማን ቢያይዎት እንደሚሻል ለመለየት እንዲረዳን፣ ምን እንደሚሰማዎት በአጭሩ ቢነግሩኝ? እዚህ መናገር የማይፈልጉት ከሆነ ‹የግል ጉዳይ› ማለት ይበቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ስልኩ አጠገብ ቢለጠፍ ይጠቅማል። ከእሱ ጎን ደግሞ ምንም ሳይጠየቅ ወዲያው ባለሙያ የሚጠራባቸው ምልክቶች ይዘርዘሩ፦ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር፣ የማይቆም ደም፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ፣ በእርግዝና ወቅት መድማት፣ ጡት የማይጠባና የፈዘዘ ጨቅላ።

ልየታ የሥራውን ብዛት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው። በእንግሊዝ በ42 ክሊኒኮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በዕለቱ መታየት የፈለጉ ታካሚዎችን ሐኪም መልሶ በስልክ ሲያነጋግራቸው በቀጣዮቹ 28 ቀናት ከክሊኒኩ ጋር ያደረጉት ግንኙነት በ33 በመቶ፣ ነርስ ስታነጋግራቸው ደግሞ በ48 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። የሚለየው ሰው ጉዳዩን እዚያው የመጨረስ ሥልጣን ከሌለው ታካሚው ሁለት ጊዜ ይስተናገዳል። ስለዚህ ልየታው ላይ የሚቀመጠው ጀማሪ ሳይሆን ልምድ ያለው ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ክሊኒኮች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው።

ሐኪሙን ለሐኪም ሥራ፣ ታካሚውን ለሚያውቀው ሐኪም

የደም ግፊትና የስኳር ክትትልን የሠለጠነች ነርስ፣ የመድኃኒት ማስደገምንና የመድኃኒቶችን መጋጨት ፋርማሲስት፣ የጀርባና የጉልበት ሕመምን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሊይዘው ይችላል። መድኃኒት ማስደገምን በተመለከተ አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ሕመሙ የተረጋጋ ሰው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ቀን እንዲያልቁ ማስተካከል ነው። ሦስት መድኃኒት በሦስት የተለያየ ቀን የሚያልቅበት ታካሚ በወር ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም።

የሥራ ክፍፍሉ ሲሰፋ ግን ታካሚው በመጣ ቁጥር አዲስ ፊት የሚያይበት አደጋ አለ፤ በዘመናዊነት ስም ከሚጠፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያስቆጨውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የኖርዌይ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአንድ ጠቅላላ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ25 በመቶ ገደማ ያነሰ ሲሆን፣ በድንገተኛ ሆስፒታል መግባታቸውም በተቀራራቢ መጠን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሁሉንም ታካሚ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሐኪም ማድረስ አይቻልም፤ የጉሮሮ ሕመም ያለበት ወጣት ማንም ቢያየው ግድ የለውም። ብዙ ሕመም የተደራረበባቸው፣ አረጋውያን፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና በከባድ ሕመም መጨረሻ ላይ ያሉ ግን ካርዳቸው ላይ የሐኪማቸው ስም ተጽፎ፣ ቀጠሮ ሰጪው መጀመሪያ የእሱን ክፍት ሰዓት እንዲፈልግ ይደረግ። ታካሚውም ሦስት ቀን ጠብቆ የራሱን ሐኪም ማየትን ወይም ዛሬውኑ ሌላ ማየትን ይመርጥ።

ቴክኖሎጂው፣ በተራው

ቀድሞ ሊስተካከል የሚገባው ስልኩ ነው፤ ስንት ሰው እንደደወለና ስንቱ ተስፋ ቆርጦ እንደዘጋ የሚመዘግብ፣ ደዋዩ ተራውን ሳያጣ ዘግቶ መልሶ እንዲደወልለት የሚፈቅድ መስመር ከማንኛውም መተግበሪያ በፊት ይጠቅማል። ቀጥሎ ነርሷም ሐኪሙም እኩል የሚያዩት አንድ የታካሚ መዝገብ ይመጣል። በኤሌክትሮኒክ የሚተላለፍ የመድኃኒት ማዘዣም ምልልስን ይቆርጣል፤ ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 በመላው አገሪቱ ስትጀምረው ታካሚው መታወቂያውን ይዞ ወደ የትኛውም መድኃኒት ቤት የሚሄድበት፣ የሚደገም ማዘዣንም በስልክ የሚያስጽፍበት አሠራር ሆኗል።

የድረ ገጽ መጠየቂያ ቅጽ ሲከፈት ቅጹን በየስንት ሰዓቱ ማን እንደሚያነበው በስም ይመደብ፤ አንባቢ ያልተመደበለት ቅጽ ቁልፉ የጠፋ የፖስታ ሳጥን ነው። ውጤትን በተመለከተ «ካልደወልንልዎ ደህና ነው ማለት ነው» የሚለው ልማድ መቅረት አለበት፤ ጤናማ ውጤትና የጠፋ ውጤት ለታካሚው ያው ዝምታ ናቸውና። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቀጠሮ ማስታወስ ይቻላል፤ የሕመሙ ስም ግን አይጻፍበት፣ ስልኩን ቤተሰብ ሊያየው ይችላል።

የዌልሱ ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስገነዘቡት፣ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የመጥፋት ጠባይ አለው። የድረ ገጽ ቅጽ ይህንን ሊያባብሰው ይችላል፤ ጤነኛውና ፈጣኑ ወጣት ዝርዝሩን ሲሞላው፣ ማየት ወይም ማንበብ የተሳናቸው እናት ስልክ ይዘው ይጠብቃሉ። መድኃኒቱ በመስኮት የመጣውን ጥያቄ ሠራተኛው ራሱ በዚያው ቅጽ ላይ እንዲሞላላቸው ማድረግ ነው።

ለውጡ መሥራቱን ለማወቅ በየሳምንቱ በአንድ በተወሰነ ቀንና ሰዓት እያንዳንዱ ሐኪም ዘንድ ሦስተኛው ክፍት ቀጠሮ ስንት ቀን እንደሚርቅ ይመዝገብ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው የሚዘለሉት ሰው በመሰረዙ ድንገት የተከፈቱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ቁጥሩ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት ከጨመረ የጭረት ወረቀቱ ዳግመኛ ከመሳቢያው ይውጣ።