የገናን ልማድ በእጅ ሥራ ማስተማር፦ የወረቀት ልብ ቅርጫት

በገና ሰሞን ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር ይቆረጣል፣ ይለጠፋል፤ ልጆቹ ግን የሠሩት ነገር ለምን እንደሚያገለግል ሳያውቁ ወደ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። አምስት ዓይነት ጌጥ ከማሠራት አንድ ልማድ መርጦ ዕቃውን ከነአገልግሎቱ ማሠራት ይሻላል። የዴንማርኮች የልብ ቅርጫት ለዚህ በጣም ይመቻል። ከሁለት ወረቀት ይጠላለፋል፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ከረሜላ ወይም ለውዝ ተጨምሮበት የገና ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። የተለመደው ቀለም ቀይና ነጭ ነው፤ የአገሪቱ ባንዲራም እንዲሁ። ተጠብቀው ከቆዩት ውስጥ ጥንታዊ ነው የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ1860 የሠራው የተረት ደራሲው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው። ይህን መቀስ ከመታደሉ በፊት ይንገሯቸው፤ መቀስ ከያዙ በኋላ የሚሰማ የለም።

ሥራው ከ8 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ይስማማል። በሁለት ክፍለ ጊዜ ይክፈሉት፦ በአንዱ መቁረጥ፣ በሌላው መጠላለፍ።

ለ30 ልጆች 15 ቀይና 15 ነጭ ኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ ከአንድ ወረቀት 9 በ27 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም የሚመዝን ይሁን። ወፍራም ካርቶን ሲጠላለፍ አይታዘዝም፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይም ይቀደዳል።

1. እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቁራጭ ወስዶ ለየብቻ መሐል ላይ ያጥፋቸው፤ ርዝመታቸው 13.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

2. ከእጥፋቱ ተቃራኒ ያለውን ክፍት ጫፍ በግማሽ ክብ ቅርጽ ይቁረጡ። የልቡ ሁለት ጉብታዎች እነዚህ ናቸው።

3. ከእጥፋቱ በኩል ተነሥተው በ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሁለት መስመር ያስምሩ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 9.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በመስመሮቹ ሲቆረጥ ሦስት «ጣቶች» ይወጣሉ። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ከክፍቱ ጫፍ ከጀመሩ ቅርጫቱ አይሠራም። ስለዚህ እጥፋቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያስደርጉ።

4. ክብ ጫፎቹ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ ወደ ታች ሆነው ቀዩ ከግራ፣ ነጩ ከቀኝ በኩል ተጋድመው ይገናኙ። ላይኛውን ቀይ ጣት በመጀመሪያው ነጭ ጣት ውስጥ ያሳልፉት፤ ሁለተኛው ነጭ ጣት ደግሞ በቀዩ ውስጥ ይለፍ፤ ከዚያ ቀዩ በሦስተኛው ነጭ ውስጥ ያልፋል። ጣቱን እስከ ስንጥቁ ጫፍ ገፋ ያድርጉት።

5. ሁለተኛው ቀይ ጣት በተቃራኒው ይጀምራል፦ መጀመሪያ ነጩ በቀዩ ውስጥ፣ ቀጥሎ ቀዩ በነጩ ውስጥ፣ በመጨረሻ ነጩ በቀዩ ውስጥ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ነው።

ጣት «ውስጥ» ማለፍ ማለት በሁለቱ የወረቀት ንብርብር መካከል ማለት ነው። ልጆች ሰሌን እንደሚሠራ ሰው ከላይና ከታች እያደረጉ ያሳልፉታል፤ ያኔ ልቡ ያምራል፣ ግን አይከፈትም። ቃል አይበቃምና በትልልቅ ወረቀት ፊት ለፊታቸው ሠርተው ያሳዩ። የመጨረሻው ጣት አልገባ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ አጥሮ ነው፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምሩለት እንጂ አይጎትቱት። ከተቀደደ ከውስጥ በኩል ትንሽ ፕላስተር ይበቃዋል።

ለማንጠልጠያ 1.5 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ጫፍና ጫፉን ከውስጥ በደረቅ ማጣበቂያ ያያይዙ፤ ፈሳሹ ወረቀቱን ያጨማድደዋል። ለውዝ የማይስማማቸው ልጆች ይኖሩ እንደሆነ ወላጆችን አስቀድመው ይጠይቁ። ገናን ለማያከብር ልጅ ቅርጫቱ ለሚወደው ሰው የጻፈውን ደብዳቤ መያዣ ይሆናል፤ ሥራው አይለወጥም።

ለትናንሾቹ የግርግም ሥራ ይቀላል። የአሲዚው መነኩሴ ቅዱስ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1223 በጣሊያኗ ግሬቾ መንደር ግርግም፣ በሬና አህያ አዘጋጅቶ የልደቱን ሁኔታ ለሕዝብ እንዳሳየ ይንገሯቸው። የጫማ ካርቶን በጎኑ ተጋድሞ በረት ይሆናል፤ ሰዎቹና እንስሳቱ በወረቀት ይሠራሉ። ሲቆሙ እንዳይወድቁ እግራቸው ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ወረቀት ይተዉና ወደ ኋላ አጥፈው ካርቶኑ ላይ ይለጥፉት። ሕፃኑን ግን አይለጥፉት፤ ልጆቹ ታሪኩን ሲናገሩ ተራው ሲደርስ በእጃቸው ያስቀምጡት።