የቨርጂኒያ አምስቱ ክልሎች፦ አራቱን በአንድ ቅዳሜ

ቨርጂኒያ ውስጥ 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያላችሁ ይህችን ጣጣ ታውቋታላችሁ። አምስቱ የመልክዓ ምድር ክልሎች፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ በቃል! ታይድወተር፣ ፒድሞንት፣ ብሉ ሪጅ፣ ቫሊ ኤንድ ሪጅ፣ አፓላቺያን ፕላቶ። ልጄ ስሞቹን እንደ ዳዊት ሲደግም ሰምቼ “ፒድሞንት ምን ይመስላል?” ብለው ዝም አለ። ሥራዬ ሹፌርነት ነው፤ 66 አውራ ጎዳና ላይ ነው የምውለው። መኪና አስነስቶ ማሳየት ይቀላል።

መጀመሪያ ፓስ አውጡ። የ4ኛ ክፍል ተማሪ “ኤቭሪ ኪድ አውትዶርስ” በሚባለው ፕሮግራም የፌዴራል ፓርኮችን በነጻ ይገባል፤ አብረውት መኪናው ውስጥ ያሉትም እንደዚያው። ድረ ገጹ ላይ ሞልታችሁ ወረቀቱን አትሙ።

በጠዋት አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት መጨረሻ፣ ውሃው ዳር ቁሙ። ይሄ ታይድወተር ነው፤ የባሕር ዳር ሜዳው። የወደቡን ምሰሶዎች አሳዩት። ውሃው ጎደል ካለ፣ ከበላዩ ጠቆር ያለ እርጥብ መስመር ይታያል። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ፖቶማክ ወንዝ እዚህ ድረስ አብሮት ይሞላል፣ ይጎድላል።

ቀጥሎ ግሬት ፎልስ፣ የፖቶማክ ፏፏቴ ያለበት ፓርክ። ሌላው ቢቀር ይሄ አይቅር፤ የክልሎቹ ድንበር በዓይን የሚታየው እዚህ ነው። የፒድሞንት አሮጌና ጠንካራ አለት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ አሸዋና ሸክላ አፈር ሥር ይቀበራል። ወንዙ ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ሲሻገር ቁልቁል ይወድቃል። ፖቶማክ እዚህ ጋ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት 76 ጫማ ያህል ይወርዳል። የድሮ መርከብ ከባሕር ሽቅብ መጥቶ ፏፏቴ ሲገጥመው ጭነቱን ከማራገፍ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ፍሬድሪክስበርግና ሪችመንድ የተቆረቆሩት በዚሁ የፏፏቴ መስመር ላይ ነው፤ 95 አውራ ጎዳናም እሱኑ ተከትሎ ነው የሚወርደው። ይህ ከገባው የቀረው ቀላል ነው። የልጁን እጅ ግን አትልቀቁ። አለቱ ያንሸራትታል፣ ውሃው ሰው ይበላል፤ መዋኘት ክልክል ነው።

ከዚያ በ66 ወደ ምዕራብ። ፒድሞንት ሰፊ ነው፣ ግን ብዙ አያስቆምም፦ ዝቅ ከፍ የሚል ኮረብታ፣ የፈረስ እርሻ፣ ቀይ አፈር። ግንባታ ያለበት ቦታ ካያችሁ አፈሩን ይንካው። ነጭ ጫማ አታድርጉለት።

ፍሮንት ሮያል ላይ ስካይላይን ድራይቭን፣ የሸናንዶዋ ፓርክን የተራራ ጫፍ መንገድ፣ ያዙ። ኔትወርክ ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ አጋዘንም ድብም አለ፣ አትቸኩሉ። የማይል ምልክቶቹ ከዚህ፣ ከዜሮ ይጀምራሉ፤ ልጁ ይቁጠርላችሁ። 21 ሊሞላ ሲል ሆግባክ የሚባል መቆሚያ አለ። ወርዳችሁ ወደ ምዕራብ እዩ፤ ሸናንዶዋ ወንዝ ሸለቆው ውስጥ ሲጠማዘዝ ይታያል። የቆማችሁበት ተራራ ብሉ ሪጅ ነው፣ የምታዩት ሸለቆና ከኋላው ያለው ሰንሰለት ቫሊ ኤንድ ሪጅ። ወንዙ ወደ ሰሜን እንደሚፈስ ንገሩት፤ ካርታ ላይ ግራ የሚያጋባቸው እሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ የቨርጂኒያ ከፍተኛ ጫፍ ማውንት ሮጀርስ 1,746 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ትበልጠዋለች። ልጁ ፊት ግን አትሳቁ።

ማይል 31 አልፋችሁ ቶርንተን ጋፕ ላይ ውጡና በ211 መንገድ ወደ ሉሬይ ከተማ ውረዱ። የሸለቆው ሥር የኖራ ድንጋይ ነው። ትንሽ አሲድነት ያለው ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ ዋሻ ይሠራል። ሉሬይ ዋሻ በ1878 እ.ኤ.አ. ነው የተገኘው። የግል ስለሆነ ፓሱ አይሠራም፤ ቲኬቱም ኪስ ይጎዳል። ውስጡ ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ ሴልሽየስ አካባቢ ነውና ጃኬት ያዙ።

አምስተኛው አፓላቺያን ፕላቶ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ነው፤ የድንጋይ ከሰል አገር። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም። ሰኞ በዓል የሆነበት ዊክኤንድ ካገኛችሁ፣ ራስል ፎርክ ወንዝ ጥልቅ ገደል የቆረጠበት ብሬክስ ፓርክ ኬንታኪ ድንበር ላይ አለላችሁ። ካልሆነ ያቺን ጥግ ካርታው ላይ ቀለም ይቀባት፣ አጠገቧም “ከሰል” ብሎ ይጻፍ።