ምንጭ አጠቃቀስ ላይ ወረቀት የሚያበላሹ ስህተቶች

በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍ ወይም በፍልስፍና ጥናታዊ ጽሑፍ ስትሠሩ ምንጭ የምትጠቅሱት አንባቢው ከፈለገ እናንተ ያያችሁትን መስመር ራሱ ገልጦ እንዲያይ ነው። የብዙ ሰው ጭንቀት ግን ኮማና ነጥብ ላይ ነው። ኮማ በመጨረሻም ይስተካከላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ግን አንዴ ከገቡ ለመንቀል ያስቸግራሉ።

የከፋው ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ መጥቀስ ነው። በቅርብ የታተመ መጽሐፍ ውስጥ ከአንድ የቆየ ደብዳቤ የተወሰደ ጥሩ ጥቅስ አገኛችሁ እንበል። ጥቅሱን ትወስዱና ፉትኖቱ (የግርጌ ማስታወሻው) ላይ ደብዳቤውን ብቻ ትጽፋላችሁ፤ ያገኛችሁበት መጽሐፍ ደብዛው ይጠፋል። ያ ጸሐፊ ቃል ዘሎ ወይም ቀን አሳስቶ ቢሆንስ? ስህተቱ አሁን የእናንተ ነው። ከተቻለ ዋናውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ካልተቻለ ሁለቱንም አስቀምጡ፣ “በእገሌ እንደተጠቀሰው” ማለት አያሳፍርም።

ቃል ቀያይሮ “በራሴ አባባል ጻፍኩት” ማለትም አለ። ለምሳሌ ምንጩ “ነጋዴዎቹ ግብሩን የተቃወሙት ስለበዛባቸው ሳይሆን ሳይጠየቁ ስለተጣለባቸው ነው” ይላል። ተማሪው “ነጋዴዎቹ ታክሱን የተቃወሙት ስለከበዳቸው ሳይሆን ሳይማከሩ ስለተጫነባቸው ነው” ብሎ ይጽፋል። ይሄ ያው ኮፒ ነው፣ ምንጩ ከጎኑ ቢጠቀስ እንኳ። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት የሌላ ሰው ነው። ወይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ አስገቡት፣ ወይ መጽሐፉን ዘግታችሁ የገባችሁን ጻፉ። በነገራችን ላይ ሐሳብ ብቻ ስትወስዱም ምንጭ ይጠቀሳል። ቀጥተኛ ጥቅስ ብቻ ነው የሚጠቀሰው የሚል እምነት ከየት እንደመጣ እንጃ።

የገጽ ቁጥር ነገር ደግሞ ብዙ ጣጣ አለው። በሰብአዊ ጥናቶች ክርክሩ ያለው ቃሉ ላይ ስለሆነ፣ ሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ያለ ገጽ ጠቅሶ ማለፍ አንባቢውን “እዚያው ፈልግ” ብሎ መገፍተር ነው። የጥንት ጽሑፍ ሲሆን ግን ገጽ ብቻውን አይበቃም፤ እትሙ በተለወጠ ቁጥር ገጹም ይለወጣል። የፕላቶን የዋሻ ምሳሌ “ሪፐብሊክ፣ 514ኤ” ብትሉ በየትኛውም ደህና ትርጉም ዳር ላይ ቁጥሩ ይገኛል፤ ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1578 ከታተመው የአታሚው የስቴፋኑስ እትም ነው። ለአርስቶትል እ.ኤ.አ. በ1831 የወጣው የቤከር እትም ቁጥር ያገለግላል። ለመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ይበቃል፣ ግን የትኛውን ትርጉም እንደተጠቀማችሁ ተናገሩ።

ተርጓሚውን መርሳት የተለመደ ነው። አንድ ግጥም በትርጉም አንብባችሁ የቃል አመራረጡን ስትተነትኑ፣ የምትተነትኑት በከፊል የተርጓሚውን ምርጫ ነው። ስሙ ይግባ።

“ዝኒ ከማሁ” (ከዚህ በፊት ያለው ፉትኖት የጠቀሰው ምንጭ ራሱ ማለት ነው) አደገኛ ናት። በመጀመሪያው ረቂቅ ልክ ነበረች፤ በኋላ አማካሪያችሁ “እዚህ ጋ ምንጭ ጨምር” ሲሏችሁ በመሃል አዲስ ፉትኖት ታስገባላችሁ፣ ዝኒ ከማሁዋም ሳታውቁት ወደ ሌላ መጽሐፍ ትጠቁማለች። የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 17ኛ እትሙ ከእሷ ይልቅ የደራሲውን ስም፣ አጭር ርዕስና ገጽ እንድንጽፍ ይመክራል። ደግ አደረገ።

ዋቢ ላይ የደራሲን የመጨረሻ ስም ወደ ፊት ማምጣትንም በጭፍን አታድርጉት። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች የቤተሰብ ስምን ያስቀድማሉ፤ የቻይና ስም ግን ብዙውን ጊዜ ሲጻፍም የቤተሰቡ ስም ፊት ነው፣ የአይስላንድና የኢትዮጵያ ደግሞ ሁለተኛው የአባት ስም ነው። አባትየውን ደራሲ አታድርጉት።

ቻትቦት ሰጥቶኛል ብላችሁ ምንጭ አትለጥፉ። ደራሲውም፣ ርዕሱም፣ ገጹም እውነት የሚመስል ግን የሌለ መጽሐፍ ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እንዲህ የተፈበረኩ የፍርድ ውሳኔዎችን ለዳኛ አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እንደ ዞቴሮ ያለ ምንጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ከዚህ ይለያል፣ ከድረ ገጽና ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ያለውን መረጃ ነው የሚለቅመው፤ ግን እሱም ተርጓሚ ይዘላል፣ ዓመት ያሳስታል። አንዴ በዓይናችሁ እዩት።

የአጠቃቀስ ስልት መደባለቅ ቀላሉ ነው፦ ኤምኤልኤ ወይም ቺካጎ፣ አንዱን ያዙና ጨርሱ። ከማስረከባችሁ በፊት በጽሑፉ ውስጥ የጠቀሳችሁትን ስም አንድ በአንድ የዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፣ ከዝርዝሩም ወደ ጽሑፉ እንዲሁ። አንድም ቦታ ያልተጠቀሰ መጽሐፍ ለማሳመሪያ ተደርድሮ ካገኛችሁ ሰርዙት።