የቆመ መኪናዎ ተገጭቶ ሲያገኙት

«ትንሽ ጭረት ናት፣ ተዋት።» ወደ ውጭ አገር አዲስ ከመጡ ወገኖች ይህን ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ሲወጡ መኪናቸውን ተገጭቶ ያገኙታል። የገጨው ሰው የለም፣ ቋንቋው ገና አፋቸው ላይ አልለመደም፣ ፖሊስ መጥራቱ ያስፈራል፣ የሥራ ሰዓትም ደርሷል። ስለዚህ ይተዉታል። መተው ትክክለኛ ውሳኔ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ሰው ምን ያህል ጉዳት እንደተወ ሳያውቅ ከተወ ወሰነ ማለት አይቻልም። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ማስረጃ ይያዙ፤ ውሳኔው ይደርሳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ጎረቤቴ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ የእኔን የኋላ ፓራውልት ገጨው። ወዲያው በሬን አንኳኩቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ገንዘብም አውጥቶ ሰጠኝ። የሚታየው የእጅ መዳፍ የሚያህል ጭረት ብቻ ነበር፤ ሰውየውም ጨዋ ነው። ገንዘቡን ተቀብዬ «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ፈረምኩለት። ከሳምንት በኋላ ጋራዥ ስወስደው ባለሙያው ፓራውልቱን ፈትቶ ውስጡን አሳየኝ። ፕላስቲኩ ወደ ቅርጹ ተመልሷል እንጂ ደግፈው የያዙት ክፍሎች ተሰብረዋል፤ ወደ ኋላ ስነዳ የሚያስጠነቅቀኝ ሴንሰርም ከቦታው ተነቅሏል። ወጪው ከተቀበልኩት ገንዘብ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ልዩነቱንም ራሴ ከፈልኩ። ጎረቤቴን አልወቅሰውም፤ እርሱም እንደ እኔ ያየው የውጩን ብቻ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት ፎቶ ያንሱ። በመጀመሪያ ራቅ ብለው መኪናው ከነአካባቢው፣ ከማቆሚያው መስመርና ከመንገዱ ምልክት ጋር እንዲታይ አድርገው ያንሱ፤ ከዚያ ይቅረቡ። ጉዳቱ ከመሬት ያለው ከፍታ በግልጽ ይታይ፤ የገጨው መኪና ሲገኝ የሁለቱ ከፍታ ይመሳከራልና። ጭረቱ ውስጥ የሌላ መኪና ቀለም ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። መሬት ላይ የወደቀ የመብራት ወይም የስፖኪዮ ስብርባሪ ካለ ፎቶ አንስተው ይልቀሙት፤ ብዙ ጊዜ የዕቃው ቁጥር ታትሞበት ይገኛል፣ ከቁጥሩም የገጨው መኪና ዓይነት ሊታወቅ ይችላል። መኪናውን ያቆሙበትንና ጉዳቱን ያዩበትን ሰዓት እዚያው ይጻፉ። ከመንዳትዎ በፊት ደግሞ ጎማው ከአካሉ ጋር እንደማይፋተግ፣ ከሥሩም የሚፈስ ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ካሜራ ይፈልጉ፤ ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። የሱቆችና የሕንፃዎች ካሜራ የድሮውን ምስል እያጠፋ በላዩ አዲስ ይቀዳል። ጠባቂው ቅጂውን ሊሰጥዎ ባይችል እንኳ ምስሉ እንዳይጠፋ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ፖሊስ በኋላ ሊጠይቀው ይችላል። በር ላይ ካሜራ የገጠሙ ጎረቤቶችንም ያነጋግሩ።

በመስታወቱ ላይ የገጨው ሰው የተወውን ወረቀት ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ ሲደውሉም ስም፣ አድራሻ፣ የሰሌዳ ቁጥርና የኢንሹራንስ ድርጅቱን ስም ይጠይቁ። ወረቀት ካላገኙ ደግሞ ገጭቶ መሄድ በብዙ አገር ወንጀል መሆኑን ይወቁ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ባለቤቱ የሌለበትን መኪና የገጨ ሰው ባለቤቱን ካላገኘ በግልጽ ቦታ ጽሑፍ መተውና በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። በእንግሊዝ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ ለባለቤቱ ስሙንና አድራሻውን ያልሰጠ አሽከርካሪ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የጀርመን ሕግ ከእነዚህ የበለጠ ጥብቅ ነው፤ እዚያ ወረቀት ትቶ መሄድ ብቻውን አያድንም። አሽከርካሪው በቂ ጊዜ ጠብቆ፣ ባለቤቱ ካልመጣ ለፖሊስ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 142 መሠረት እስከ 3 ዓመት እስራት ሊደርስበት ይችላል። ነገ እርስዎ የሌላ ሰው መኪና ቢገጩም ይህንኑ ያስታውሱ።

ፖሊስ መጥራት ሰውን መክሰስ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እርስዎ የሚፈልጉት የሪፖርት ቁጥር ነው፤ ኢንሹራንሱ የሚጠይቅዎም እርሱን ነው። ሰው ካልተጎዳ የአደጋ ጊዜውን ቁጥር አይያዙ፤ በእንግሊዝ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ በ101 ይደወላል፣ በአሜሪካም ከተሞች ከ911 የተለየ የፖሊስ መስመር አላቸው። በግል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከሆነ ፖሊስ ላይመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ በኢንተርኔት ሪፖርት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፣ የቦታውም ኃላፊ እንዲመዘግበው ያድርጉ። ቋንቋው ካስቸገረዎ በግምት አይመልሱ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት እንዲሰጡባቸው ከሚያደርጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ኢንሹራንሱን ካሳ ልጠይቅ ወይስ ልተወው? መልሱ የገጨው ሰው በመታወቁና ባለመታወቁ ይለያያል። ከታወቀ ካሳውን ከእርሱ ኢንሹራንስ ይጠይቁ። በጀርመን «ዘንትራልሩፍ» የሚባለው የኢንሹራንሶች የጋራ አገልግሎት ከሰሌዳ ቁጥሩ ተነስቶ የገጨውን መኪና ኢንሹራንስ ይነግርዎታል።

ካልታወቀ የራስዎን ውል ማንበብ ግድ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ካለዎት የራስዎን መኪና አያስጠግንልዎትም። በአሜሪካ መኪና የገጨው ጉዳት «ኮሊዥን» በሚባለው ሽፋን ይታያል፤ ሆን ተብሎ በቁልፍ የተፋቀ ግን «ኮምፕሪሄንሲቭ» በሚባለው ነው። በጀርመን ሁለቱንም የሚሸፍነው ሙሉው ሽፋን «ፎልካስኮ» ነው፣ ከፊሉ ሽፋን «ታይልካስኮ» አይበቃም። ከዚያ ሒሳብ ይሥሩ። ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ ከኪሱ የሚያወጣው ድርሻ አለ፤ ድርሻዎ 500 ዶላር ሆኖ ጥገናው 600 ከሆነ የሚያገኙት 100 ብቻ ነው። በሌላ በኩል አረቦንዎ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ በየጊዜው የሚከፍሉት ገንዘብ፣ ሊጨምር ይችላል። በካሊፎርኒያ ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ አረቦን መጨመር ክልክል ነው። በእንግሊዝ ግን ኢንሹራንሱ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ሰው ስለማያገኝ፣ ጥፋት ባይኖርብዎም፣ ካሳ ሳይጠይቁ በቆዩባቸው ዓመታት ያገኙት የአረቦን ቅናሽ ሊቀንስ ይችላል። የጋራዥ ግምት ሳይዙ ይህን ሒሳብ መሥራት አይቻልም፤ ቢቻል ከሁለት ቦታ ያስገምቱ፣ ፓራውልቱም ተፈትቶ እንዲታይ ይጠይቁ።

ካሳ ላለመጠየቅ ቢወስኑም እንኳ ማሳወቅን ግዴታ የሚያደርጉ ውሎች አሉ። ሲደውሉ «ለማሳወቅ ብቻ ነው፣ ካሳ አልጠየቅሁም» ብለው በግልጽ ይናገሩ። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ወይም የኪራይ ከሆነ ጥገናውን መተው የእርስዎ ሥልጣን ላይሆን ስለሚችል ውሉን ይመልከቱ።

የገጨው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «በገንዘብ እንጨርስ» ካለዎ፣ በተለይም የአገር ልጅ ከሆነ፣ ይሉኝታው እንደሚከብድ አውቃለሁ። እንዲህ ይበሉት፦ «ወንድሜ፣ ልጎዳህ አልፈልግም፤ ግን በቅድሚያ ጋራዥ ይየው።» የመንጃ ፈቃዱን፣ የሰሌዳውንና የኢንሹራንሱን ፎቶ ያንሱ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ «ጥያቄ የለኝም» የሚለውን ወረቀት ግን ጥገናው አልቆ ሳይከፈል አይፈርሙ። ያን ጊዜ ይቅር ማለት ቢፈልጉ የሚተዉትን መጠን አውቀው ይተዉለታል።

ጉዳቱን ሳያስጠግኑ ለመኖር ከወሰኑ ጭረቱ ያለው ፕላስቲክ ላይ ነው ወይስ ላሜራ ላይ የሚለውን ይዩ። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ላሜራው ከተገለጠ ግን ዝገት ሳይጀምረው ትንሽ ቀለም ያስቀቡት። ፎቶዎቹንም ቀናቸው እንደተጻፈ ያስቀምጧቸው፤ ያው ቦታ ሌላ ጊዜ ቢገጭ ኢንሹራንሱ የትኛው ጉዳት አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ይጠይቅዎታል።